የሞገድ ማሳያው ውጤት

ሰኞ 3

ርዕሰ መምህሩ በእረፍት ሰዓት ቢሮ አስጠሩኝ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጥቷል። ለሳይንስ ክፍሎች የሚሆኑ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎችን ፈትሾ የሚመርጥ ኮሚቴ ይቋቋም ይላል፤ ሦስት ሰው፣ የአንድ ወር ጊዜ። ሰብሳቢዋ እኔ ሆንኩ። ከእኔ ጋር የኬሚስትሪው መምህርና አዲሷ የፊዚክስ መምህርት አሉበት። የኬሚስትሪውን መምህር ተማሪው ሁሉ ጨው ነው የሚለው፤ ምንም ነገር ሲያስረዳ ምሳሌው ጨው ስለሆነ። እኛም ከተማሪው ተቀብለን ጨው፣ ጨው ስንለው ዋናውን ስሙን ረስተነዋል።

«ለምን እኔን?» ብላቸው ሳቁ። «ግማሽ ነጥብ ለአባቷም አትሰጥም ሲሉሽ እሰማለሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ደስ አለኝ።

ልወጣ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር ጨመሩ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ የሚሠራቸውን መሣሪያዎች ለፍተሻው ማቅረብ ይችላል። ከተመረጡለት ደግሞ የመርጃ ክፍሉን የሚይዝ፣ ዕቃውን የሚያዘጋጅና የሚጠግን ሰው ስለሚያስፈልግ እሱን ይመልሱታል። «ለዚያ ሥራ ድምፅ አያስፈልግም» አሉ።

ባለቤቴ እዚህ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ አስተምሯል። በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱን ካወጡለት ሁለት ዓመት አለፈው። አሁን የሚናገረው በትንሽ ነጭ ሰሌዳና በጣቱ ነው። ጠረጴዛውን አንዴ ከመታ አዎ፣ ሁለቴ ከመታ አይደለም።

ቤት ገብቼ ስነግረው ጠረጴዛውን አንዴ መታ። ከዚያ ደግሞ አንዴ። ከዚያ ደግሞ። ልጃችን ከጓዳ ወጥታ «አባዬ ምን ሆነ?» አለች።

ረቡዕ 5

አቅራቢው ድርጅት ናሙናዎቹን አመጣ። ካርቶን በካርቶን ሆንን። የፕላስቲክ ሰው አለ፤ ሆዱ ሲከፈት ጉበቱ መሬት ወርዶ ተንከባለለና ጨው ከወንበር ሥር አወጣው። «ይሄ ሰውዬ ብዙ ጠጥቷል» አለ። አፅሙን ስፈትሽ ሁለቱም እጆቹ የግራ ናቸው። ለአቅራቢው ብነግረው «ተማሪ አያስተውለውም» አለኝ። እኔ አስተውያለሁ አልኩትና ዜሮ ሰጠሁት። ጨው ሲስቅ ዋለ።

በኮምፒውተር የሚታይ የሞገድ ትምህርትም አለ። ያምራል። ቀለሙ፣ ሙዚቃው። ልክ ልንጀምረው መብራት ሄደ።

እሑድ 9

ቤቱ መራመጃ የለውም። እንጨት፣ ክዳን፣ ሽቦ፣ ሙጫ። ባለቤቴ የሞገድ ማሳያውን እንደ አዲስ እየሠራው ነው። ረጅም ፕላስተር ላይ ስልሳ ቀጫጭን እንጨቶችን በእኩል ርቀት ይደረድራል፤ በየእንጨቱ ሁለት ጫፍ የጠርሙስ ክዳን ያጣብቃል፤ ፕላስተሩን በሁለት ወንበር መሃል ይወጥረዋል። የመጀመሪያውን እንጨት በጣት ነካ ሲያደርጉት እንቅስቃሴው ከእንጨት ወደ እንጨት እየተላለፈ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። ድሮም ሠርቶት ነበር፤ ግን ያኔ አጠገቡ ቆሞ ይናገር ነበር። አሁን ራሱ እንዲናገር ነው የሚፈልገው። አንዱን እንጨት ቀይ ቀብቶታል። ለምን ብዬ ስጠይቀው ሰሌዳው ላይ «እንዲከታተሉት። ቀዩ የትም አይሄድም» ብሎ ጻፈ።

ጨው ቅዳሜ እንደ ልማዱ ለዳማ መጥቶ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳማ ይጫወታሉ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ይካሰሳሉ። ትናንት ግን ዳማው ቀርቶ ክዳን ሲያጣብቁ ዋሉ። ጨው ጣቱን ከክዳን ጋር አጣብቆ መከራውን አየ። ባለቤቴ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ የሸፈነው የአንገቱ ጨርቅ ብቻ ወጣ ገባ ይላል።

ልጄ ዛሬ «እማዬ፣ የአባዬ ሹራብ ሰፍቶታል» አለችኝ። ሹራብ ሲታጠብ ይሰፋል አልኳት።

ማክሰኞ 11

ጊዜ የለም። አርባ ሁለት ዕቃ። በየዕቃው አምስት መስፈርት። ለትምህርቱ ያለው ቅርበት፣ ግልጽነት፣ ጥንካሬ፣ ደህንነት፣ አያያዝ። እያንዳንዱ ከሃያ። የሦስታችን አማካይ ሰባ አምስት የደረሰ ያልፋል። የነጥብ ወረቀት በታሸገ ፖስታ፤ አንዱ የሌላውን አያይም። የፈተና ወረቀት ደግሞ ገና አላረምኩም።

ዓርብ 14

መምህራን ማረፊያ በር ላይ ስደርስ ውስጥ የሚያወሩት የእኛን ነው። ድምፃቸውን ለየሁት፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

«ፍተሻ ምናምን የሚሉት ለባሏ ሥራ ማፈላለጊያ ነው።»

«ታዲያ ምን ታድርግ? ሰውየው ቤት ውስጥ ሲያረጅባት።»

«እኔ ምን አገባኝ። ብቻ ያቺ ፍትሐዊ ነኝ ባይ…»

ተሳሳቁ። ሰላም ሳልላቸው ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።  ሃያ አንድ ዓመት አስተማርኩ! የራሴን እህት ልጅ በሁለት ነጥብ የጣልኩ ሰው ነኝ። እህቴ ከዚያ ወዲህ ለአንድ ዓመት አላናገረችኝም። ይኼን ሁሉ የከፈልኩት እንዲህ ለመባል ነው?

ቅዳሜ 15

የባለቤቴ የሕክምና ቀጠሮ ሰኞ ነበር። «ከፍተሻው በኋላ ይሁን። አሁን ሥራ አለኝ» ብሎ ጻፈ። ሥራ የሚለውን ቃል አሰመረበት። እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሰኞ እሱን ይዤ የምሄድበት ሰዓት አልነበረኝም። ደውዬ ቀጠሮውን አስተላለፍኩት።

ረቡዕ 19

ፍተሻው ዛሬ ነበር። ስምንተኛ ለ።

ቅጹ ላይ አንድ ሕግ አለ። መሣሪያው በሚሞከርበት ሩብ ሰዓት መምህሩ አፉን መክፈት የለበትም፤ ተማሪዎቹ በዕቃው ብቻ መማር አለባቸው። ባለቤቴ ይህን ሕግ ያነበበ ቀን «ለእኔ ብለው ያወጡት ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። ዕቃውን የሠራ ሰው ግን ወደ ክፍሉ አይገባም ስለሚል ውጭ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ከረባት አስሯል። ከረባቱን የአንገቱ ጨርቅ ላይ እንዴት እንዳሰረው እንጃ።

በኮምፒውተር የሚታየው ሞገድ ቀደመ። መብራት ነበር። ተማሪዎቹ ወደዱት፤ ሙዚቃውን በተለይ። ከዚያ የእሱ ተወጠረ። መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ ክዳን ነው ብለው። አንዱ ነካ አደረገው። ሄደ። ተመለሰ። ዝም አሉ። እንደገና። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ከወንበሯ ተነስታ፦

«ቀዩ እዛው ነው! ቀዩኮ አልሄደም! የሚሄደው ሌላ ነገር ነው!» አለች።

ይኼን ነገር እሱ ሲያስተምር ሦስት ክፍለ ጊዜ ይፈጅበት ነበር። እኔ መስኮቱን አየሁ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኗል። 

ከዚያ አንድ ክዳን ወድቆ ተንከባለለ። አንዲት ክዳን። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሲያሙኝ የሰማኋቸው ሁለቱ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

ሐሙስ 20

ነጥብ ሰጠሁ። ማንም ቢያየው የማላፍርበትን ነጥብ ነው የሰጠሁት። ክዳኑ ወድቋል፤ ጥንካሬ ላይ መያዝ አለበት። የእንጨቱ ጫፍ ሊወጋ ይችላል፤ ደህንነት ላይ መያዝ አለበት። ለማጠፍ አይመችም፤ አያያዝ። ሌላ ሰው ቢያመጣው ይህን ሁሉ አልይዝበትም ነበር? እይዝ ነበር። እይዝ ነበር መሰለኝ።

ደግሞ ጨው አለ። ጨው ለእሱ ነፍሱን ነው የሚሰጠው፤ ዘጠና አምስት ያንሰዋል። አዲሷ መምህርትም ሲሞከር እንባዋ ሲመጣ አይቻለሁ። የሁለቱ ከፍ ካለ የእኔ ጠንከር ማለት አይጎዳውም። ያልፋል። ነገ ሰው ቢያወራ ወረቀቱን አውጥቼ፣ ይኸው ብዬ፣ አፉን አስይዘዋለሁ። ፖስታውን አሽጌ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠሁ።

ዛሬ ባለቤቴ እራቱን ሳይበላ ተወው። ደስታ ነው አልኩ።

ሰኞ 24

ፖስታዎቹን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ከፈትን። የእሱን ጨምሮ የአርባ ሦስቱንም ዕቃ ደመርን። የኮምፒውተሩ ሞገድ ሰማንያ አንድ። የእሱ ጋ ደረስን። ጨው ሰባ አራት። አዲሷ መምህርት ሰማንያ። አማካይ ሰባ አራት።

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። 222። ሦስት ጊዜም ያው ነው። ርዕሰ መምህሩ የእኔን ወረቀት አነበቡ፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ፖስታው ውስጥ መለሱት። ሕጉ አማካዩ ብቻ ይለጠፍ ይላል። አማካዩን ብቻ ለጠፍን።

እሱ ውጤቱን ለማየት ራሱ እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳው መጥቶ ኖሮ። እኔ ሳልደርስ አዲሷ መምህርት አግኝታው ይቅርታ ጠይቃዋለች። «እኔ ሰማንያ ነው የሰጠሁዎት፤ ዘጠና ላደርገው አስቤ፣ ቦታዎን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ የሚሉትን ፈርቼ ነው» ብላ አልቅሳለች። ይኼን ልጄ ናት የነገረችኝ፤ አብራው ነበረች።

ቤት ስገባ ሰሌዳውን ይዞ እየጠበቀኝ ነበር። «አንቺስ ስንት ሰጠሽኝ?»

ሰማንያ ስምንት አልኩት።

ሰማንያ ስምንት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ወጣ። እሱ ፈገግ አለ፤ ጉንጬን በመዳፉ ነካኝ። ከዚያ፣ የፊዚክስ መምህር አይደል፣ ሰሌዳውን አንስቶ ማስላት ጀመረ። ሰባ አራትን በሦስት አበዛ። 222። ከዚያ ላይ 88 ቀነሰ። ከዚያ ላይ 80 ቀነሰ። 54። ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ልጄ ከትከሻው በላይ አየችና «ጨው ነው? ጨው ሃምሳ አራት ሰጠህ?» አለች።

እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር።  አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት።

ማክሰኞ 25

አርባ ስድስት የፈተና ወረቀት አረምኩ። ጨው ኮሪደር ላይ አገኘኝና «ምን ዓይነት ጉድ ነው? አንቺ ከፍ አድርገሽ ትሰጪዋለሽ ብዬ፣ ወዳጁ ስለሆነ ነው እንዳይሉ እኔ ትንሽ ያዝ አደረግኩ፤ አዲሷ ናት መሰለኝ የጣለችው» አለኝ። ደወል ስለተደወለ ክፍል ገባሁ።

ሐሙስ 27

ቅሬታ ያለው በአሥር ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላል፤ ቅሬታ ከቀረበ የነጥብ ወረቀቶቹ በአመልካቹ ፊት ይከፈታሉ። እሱ ይህን ከየት እንዳነበበው አላውቅም። ሁለት ገጽ ጽፎ፣ ከማስገባቴ በፊት አንብቢልኝ ብሎ ሰጠኝ። ጽሑፉ እንደ ድሮው የክፍል ማስታወሻው ጥርት ያለ ነው። በስተመጨረሻ «እኔ የምፈልገው እንደገና ክፍል አጠገብ መሆን ብቻ ነው» ይላል።

«ይቅርብህ» አልኩት።

ለምን ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ወረቀቱ ሲከፈት ጨውን በሰው ፊት ልታዋርደው ነው? የሃያ ዓመት ወዳጅህን? እሱ ባያፍር አንተ ታፍርለታለህ። ክብርህን ጠብቅ።»

 ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት፣ ለአራት ቀደደው። ሰሌዳው ላይ «ትክክል ነሽ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም «ጥሩ ሰው ነሽ»።

ሻይ ላፈላ ተነሳሁና ጓዳ ውስጥ ውሃውን ሳልጥድ ቆሜ ቀረሁ።

ቅዳሜ 29

ጨው ለዳማ መጣ። ባለቤቴ በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ አወቀ፤ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ። ልጄ ወጥታ ተኝቷል አለችው። በመስኮት አየሁት፤ የዳማውን ሰሌዳ በብብቱ ይዞ ትንሽ ቆመና ሄደ። ኋላ በስልክ «ምን አደረግኩት?» አለኝ። አሞት ነው አልኩት። ይኼ እንኳን ውሸት አልነበረም፤ ሌሊቱን ሲያስለው ነው ያደረው።

ሐሙስ 4

የቅሬታው ጊዜ ዛሬ አበቃ። አዳዲሶቹ ዕቃዎች መጡ፤ ፈርሜ ተረከብኩ። አፅሙን ቀይረውልናል፤ አሁን አንድ ግራ አንድ ቀኝ።

ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ 6

ጠዋት የአንገቱ ጨርቅ በደም ርሶ አገኘሁት። ሆስፒታል። ተኝቷል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፊልሙን ብርሃኑ ላይ አድርጎ እያየ «ቀጠሮ አልነበራችሁም?» አለኝ። ነበረን አልኩት። «ታዲያ?» አለ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር።

ካንሰሩ ሁለቱም ሳምባው ውስጥ ገብቷል። ከዚህ በኋላ ስቃዩን ማስታገስ እንጂ አለና አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሹራብ ሲታጠብ ይሰፋል ብዬ ለልጄ የነገርኩ የባዮሎጂ መምህርት።

ማክሰኞ 9

ጨው ሆስፒታል መጣ። ማን እንደነገረው እንጃ፤ እኔ አልነገርኩትም። ብርቱካን ይዟል። በሩ ላይ ሲያየው ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጨው ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አትፈልገኝም? ተው እንግዲህ። እስክታናግረኝ አልነሳም» አለው።

ባለቤቴ ሰሌዳውን አነሳ።  54 ብሎ ጻፈና ፊቱ ላይ ደቀነበት።

ጨው አላወቀውም። ቁጥሩን አየ፣ እሱን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። «ምንድነው ሃምሳ አራት?»

«የአልጋ ቁጥር መሆኑ ነው» አልኩ። «ትኩሳቱ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ይቀባዥራል።»

ባለቤቴ የአልጋውን ብረት ሁለቴ መታ። በኃይል። አይደለም። ከዚያ እኔን አየኝ። ጨውን አየ፤ ጨው አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን ግራ ተጋብቶ ነበር። ከዚያ ደግሞ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ። ሳሉ ያዘውና ነርስ ልጠራ ወጣሁ። ነርሷ ሌላ ክፍል ነበረች፤ እስክትመጣ ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ።

ስመለስ ሰሌዳው ተጠርጓል። የጨውን እጅ በሁለት እጁ ይዟል። ጨው ያለቅሳል። ታረቁ ማለት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲወጣ ጨው ደህና ዋይ አላለኝም፤ ልቡ ተነክቶ ነው።

ሐሙስ 11

አይበላም። ለልጄ ይጽፍላታል፤ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ጓደኞቿ። ለእኔ አልጻፈም። ይደክመዋል። ዓይኑ ግን ስገባ ስወጣ ይከተለኛል። ውሃ ልስጥህ? ሁለቴ መታ። ትራሱን ላስተካክለው? ሁለቴ። ምን ፈለግክ ታዲያ? እንዲሁ ያየኛል። ሰሌዳው ደረቱ ላይ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም።

ቅዳሜ 13

ልጄን ወደ ቤት ላክኋት። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እጁን ይዤ ስለ ተማሪዎቹ አወራሁለት፤ ስለዚያች ከኋላ ስለምትቀመጠው ልጅ፣ አሁን እጇን እንደምታወጣ። ያዳምጠኛል። ስጨርስ አሁንም ያየኛል። ሌላም አለ? እንደሚል ሰው።

አንድ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጣልኝ። በሽተኛን በነገር ማድከም ነው ብዬ ተውኩት። ነገ ሲሻለው።

እሑድ 14

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ።

ሐሙስ 18

ቀብሩ ላይ ድፍን ትምህርት ቤቱ ነበር። የድሮ ተማሪዎቹ ፂም አብቅለው፣ ልጅ አዝለው መጡ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ያሙኝ ሁለቱም መጡ፤ አንደኛዋ አቅፋኝ «ለእሱ ብለሽ ምን ያላደረግሽው አለ» አለችኝ። ጨው ሳጥኑን ከፊት ተሸክሞ ነበር። አጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም።

ሐሙስ 25

ሥራ ጀመርኩ። ስምንተኛ ለ ስገባ ሁሉም ተነሱ። ተቀመጡ ማለት አቃተኝ፤ እስኪደክማቸው ቆመው ቆዩ።

ልጄ ቤት ውስጥ ዝም ብላለች። አሁን አሁን ጠረጴዛ ትመታለች። እንዳላየሁ ሆኜ አልፋታለሁ።

ሰኞ 29

ዛሬ ነገርኩት። ጨውን።

ከትምህርት በኋላ ኬሚስትሪ ክፍል ገባሁ። ብልቃጥ እያጠበ ነበር። ዞር ብሎ አየኝና ማጠቡን ቀጠለ። በሩን ዘጋሁ። አስቤበት የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ስልሳ ስምንት ነው የሰጠሁት» አልኩ። «ሰማንያ ስምንት አይደለም። ስልሳ ስምንት። አንተ ሃምሳ አራት የሰጠኸው የመሰለው በእኔ ነው።»

ይኸው እዚህም ጻፍኩት። ስልሳ ስምንት። ሌሎቹን ቁጥሮች ሁሉ ስጽፍ ይህን አንዱን የዘለልኩት እኔው ነኝ።

ብልቃጡን መደርደሪያው ላይ ደፋው። እጁን አደረቀ። «አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ነርስ ልትጠሪ ከወጣሽ ጀምሮ። ሃምሳ አራት ምንድነው ብዬ ደግሜ ጠየቅኩት። ስሌቱን ጻፈልኝ። እኔ ሰባ አራት ነው የሰጠሁህ አልኩት። ሃምሳ አራቱን አጥፍቶ ሰባ አራት አደረገው፤ እንደገና ቀነሰ። ስልሳ ስምንት ወጣ። ቁጭ ብለን አየነው።»  «ሰው እንዳያማት ብላ ነው አልኩት። እኔም ለዚሁ ብዬ አይደል የያዝኩብህ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። ስሚኝ፤ አልተቆጣም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልንገራት? አልኩታ! ሁለቴ መታ። ከዚያ ሰሌዳውን ጠርጎ አንድ ቃል ጻፈ።»

«ምን ብሎ?»

ጨው እኔን ማየት አልቻለም። መስኮቱን እያየ ነው የመለሰልኝ።

«ትነግረኛለች ብሎ።»

ያ ማክሰኞ ነበር። እሑድ ሞተ። በመሃል ያሉትን አራት ቀናት ከአልጋው አጠገብ አልተነሳሁም።